የታመመ አንጎል ወይስ የጤነኛ ሰው ወንጀል? ከከፍተኛ 9 እስከ አትላንታ

ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

ስለ ቀይ ሽብር በተወራ ቁጥር፣ በለቅሶ ቤትም ይሁን ቡና ተፈልቶ፣ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ እነዚያ ሰዎች ጤነኞች ነበሩ?» ይላል አንዱ። መልሱም አብሮ ይመጣል፤ «ጤነኛ ሰው የጎረቤቱን ልጅ እንደዚያ አያደርግም»። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ወደ ሌላ ይሄዳል። እብደት ነው ከተባለ ወዲያ የሚመረመር ነገር የቀረ አይመስልም።

ይህ አባባል ትናንት የሽማግሌዎች ማጽናኛ ነበር። ዛሬ ግን የሳይንስ ካባ ደርቧል። የአንጎል ጉዳት የሰውን ጠባይ እንደሚለውጥ፣ አልፎ አልፎም ወደ ወንጀል እንደሚመራ የሚያሳዩ ጥናቶች ተበራክተዋል። ስለዚህ ጥያቄው በቁም ነገር ሊመረመር ይገባዋል፤ ለምርመራውም ከአትላንታ የተሻለ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ከእኛ ታሪክ አንድ፣ ከአሜሪካኖቹ ደግሞ ሁለት ጉዳዮች በዚህችው ከተማና በአካባቢዋ ተከስተዋልና።

ከእኛው ልጀምር። ቀልቤሳ ነገዎ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ነበር። ለወጣት አንባቢያን ለማስረዳት ያህል፣ ከፍተኛ ማለት በቀበሌና በከተማው አስተዳደር መካከል የነበረ እርከን ነው፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ሕዝቡ ይበልጥ የሚያውቀው በእስር ቤትነቱ ነበር። ሊቀመንበሩ ማኅተም፣ ጥበቃ፣ መሣሪያ የታጠቀ የአብዮት ጓድና የእስረኞች ክፍል ነበረው። በዚያ ቅጥር ግቢ ከታሰሩት መካከል ሂሩት አበበ-ጂራ፣ እጅጋየሁ ታዬና ኤልሳቤጥ ደምሴ የተባሉ ሦስት ወጣት ሴቶች ይገኙበታል። እነርሱ በኋላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በሰጡት ምስክርነት እንደተረጋገጠው፣ ታስረው ተገርፈዋል፣ በቁስላቸው ላይ ውኃ ተደፍቶባቸዋል፣ እንደሚገደሉ ተነግሯቸዋል። ሊቀመንበሩ ቀልቤሳም ከሩቅ ሆኖ ያዘዘ ሳይሆን በቦታው ተገኝቶ ምርመራውን የመራ ሰው ነበር።

ዓመታት አለፉ። እጅጋየሁ ከስደት በኋላ አትላንታ ደረሰች፤ በፒችትሪ ጎዳና በሚገኘው ኮሎኒ ስኩዌር ሆቴልም በአስተናጋጅነት ተቀጠረች። በዚያው ሆቴል የእንግዶችን ሻንጣ የሚሸከም አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር። ቀልቤሳ ነገዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ አሜሪካ ገብቶ፣ ጥገኝነት ጠይቆ፣ የደንብ ልብስ ለብሶ ለእንግዳ በር ይከፍት ነበር። ሦስቱ ሴቶች ተፈላልገው ተገናኙ፤ በመስከረም 1990 በሰሜን ጆርጂያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። የተጠቀሙበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1789 የወጣ፣ የውጭ አገር ሰው በዓለም አቀፍ ሕግ ጥሰት ለደረሰበት በደል በአሜሪካ ፍርድ ቤት ካሳ እንዲጠይቅ የሚፈቅድ አሮጌ ሕግ ነበር። በ1993 ዳኛው ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረዱላቸው፤ 200 ሺው ለደረሰባቸው ጉዳት፣ 300 ሺው ለመቀጣጫ። በ1996 የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። በሁለቱ መካከል፣ በ1995፣ ያው አገር ለተፈረደበት ሰው ዜግነት ሰጠው! ፍርድ ቤቱና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በአንድ ከተማ እየኖሩ የሚተዋወቁ አይመስሉም ነበር። ዜግነቱ የተገፈፈው በ2004 ነው፤ በጥር 2005 ታሰረ፤ በጥቅምት 2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። በዚያም እ.ኤ.አ. በ2002 በሌለበት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ይጠብቀው ነበር።

ይህን ታሪክ የምናወራው ብዙውን ጊዜ እንደ ተአምር ነው፤ ገራፊና ተገራፊ በአንድ ሆቴል! እኔን ግን ከተአምሩ ይልቅ የሚያስገርመኝ ሌላው ወገኑ ነው። ይህ ሰው አትላንታ ውስጥ በሆቴል ሠራተኛነት ሲኖር ማንንም አልገረፈም። አለቃ ሲያዘው ይታዘዝ ነበር፤ ደመወዙን ይቀበል ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ማስረጃዬ ይኸው ነውና አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። አሁን ወደ ሐኪሞቹ እንሂድ።

ስለ አንጎልና ስለ ጠባይ የሚጽፍ ሁሉ የሚጠቅሰው ፊኒየስ ጌጅን ነው። በመስከረም 1848 በቨርሞንት የባቡር ሐዲድ ሲሠራ፣ በድንገት የፈነዳ ባሩድ ከአንድ ሜትር የሚረዝም የብረት ዘንግ በጉንጩ አስገብቶ በግንባሩ አናት አወጣው። ሰውየው አልሞተም። ሐኪሙ ግን የቀድሞው ትሑትና ጠንቃቃ ሠራተኛ ተለውጦ ተሳዳቢና ለመያዝ የሚያስቸግር ሰው እንደ ሆነ መዘገበ። ጌጅ ስለ ወንጀል በሚጻፉ መጻሕፍት ሁሉ ይገኛል እንጂ፣ እንዳጋጣሚ ወንጀል አልሠራም። በኋላ ቺሊ ሄዶ በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ እየነዳ ዓመታት ሠርቷል።

በነሐሴ 1966 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማማ ላይ ወጥቶ ከ10 በላይ ሰዎችን የገደለው ቻርልስ ዊትማን ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል። በዋዜማው እናቱንና ሚስቱን ገድሎ፣ በራሱ ላይ የመጣበትን እንግዳ ሐሳብ እንዳልተረዳው የሚገልጽ ማስታወሻ ጽፎ፣ አስከሬኑ እንዲመረመርለት ጠይቆ ነበር። ሲመረመር በአንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። የአገረ ገዥው አጣሪ ኮሚሽን ዕጢው አስተዋጽኦ ሊኖረው ቢችልም ግንኙነቱን በእርግጠኝነት ማሳየት አይቻልም ሲል ደመደመ። የሕክምናው ዓለም እስከ ዛሬ ከዚህ መልስ ብዙ ፈቅ አላለም።

የአትላንታው ጉዳይ ከዚህ ይመሳሰላል። በሰኔ 2007 ከከተማችን በስተደቡብ በፋየት አውራጃ፣ ክሪስ ቤንዋ የተባለው ስመ ጥር የነፃ ትግል ተጫዋች ሚስቱንና የ7 ዓመት ልጁን ገድሎ ራሱን አጠፋ። ጋዜጦቹ በመጀመሪያ ጡንቻ የሚያዳብሩ መድኃኒቶችን ወነጀሉ። ቆይቶ አባቱ የልጁ አንጎል እንዲመረመር ፈቀዱ፤ ከመርማሪዎቹ አንዱ ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ነበሩ። በ40 ዓመቱ የሞተው ሰው አንጎል በዓመታት ተደጋጋሚ ምት ከመጎዳቱ የተነሣ፣ አልዛይመር ካለበት የ85 ዓመት ሽማግሌ አንጎል ጋር ተነጻጸረ። ይህ ማስረጃ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ብዙ ቦክሰኛና ብዙ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ተመሳሳይ ጉዳት ተገኝቶበታል፤ ከእነርሱ አብዛኞቹ ማንንም አልገደሉም።

ሁለተኛው የጆርጂያ ጉዳይ ከአንጎል ቁስል ይልቅ የዘር ውርስን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦክዉድ ከተማ የፒዛ ቤት ሥራ አስኪያጅ የገደለው ስቲፈን ሞብሊ ጠበቆች፣ በአንድ የሆላንድ ቤተሰብ ላይ የተደረገ ጥናት ጠቅሰው ደንበኛቸው ከወላጆቹ የወረሰው ጉድለት እንዳለ ይመርመርልን አሉ። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 አልተቀበላቸውም። ሰውየው በመጋቢት 2005 ተገደለ። በዚያው ዓመት፣ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው ክፍለ ግዛት ቀልቤሳ ታስሯል። የቀልቤሳ ፋይል ሲገለበጥ ግን ስለ አንጎልም ስለ ዘር ውርስም ክርክር አልነበረም፤ መከላከያው ክህደት ነበር።

ሳይንሱ በጥቅሉ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከአንጎል ጉዳት በኋላ ወንጀል የጀመሩ 17 ሰዎችን መርምሮ ነበር። ቁስሉ በሁሉም አንድ ቦታ አልነበረም፤ የተጎዱት ቦታዎች ግን ሁሉም ስለ ጽድቅና ስለ ኩነኔ በምንፈርድበት ጊዜ አብሮ ከሚሠራ የአንጎል መረብ ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኙ። በ2011 የወጣ የስዊድን ጥናት ደግሞ በሕዝብ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ፣ በምት የአንጎል ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች 8.8 ከመቶው፣ ከሌላው ሕዝብ ደግሞ 3 ከመቶው የኃይል ወንጀል እንደፈጸሙ ቆጠረ። ተጎጂዎቹ ከገዛ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። እንግዲህ ጉዳት አደጋውን ያሳድጋል፤ ቢሆንም ከ10 ተጎጂዎች ዘጠኙ ማንንም አይነኩም።

እነዚህ ሁሉ የግለሰብ ወንጀሎች ናቸው፤ በመንግሥት ስም የተፈጸመ ግፍ ላይ ይህን ጥያቄ ማን ጠይቆ ያውቃል የሚል አይጠፋም። አሜሪካኖች ጠይቀዋል፤ ውጤቱም ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። በኑረምበርግ ከታሰሩት የናዚ መሪዎች አንዱ ሮበርት ላይ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኑ ወድቆ ጭንቅላቱ የተጎዳ፣ ሲናገር የሚንተባተብ ሰካራም ነበር። በጥቅምት 1945 በክፍሉ ራሱን ሰቅሎ ሲገኝ አንጎሉ ወጥቶ ወደ አሜሪካ ተላከ። የመጀመሪያው ምርመራ በፊተኛው የአንጎል ክፍል ላይ ጉዳት አገኘሁ አለ። ጋዜጦች ደስ አላቸው፤ የናዚ ክፋት በማይክሮስኮፕ የታየ መሰለ! ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሌሎች ሐኪሞች ደግመው ሲያዩት ግን ጉዳቱ እንደተባለው ጎልቶ አልታየም። እስረኞቹን በሕይወት ሳሉ የመረመረው የአእምሮ ሐኪም ዳግላስ ኬሊም እብዶች እንዳልነበሩ፣ መሰሎቻቸውም በየትኛውም አገር ሊገኙ እንደሚችሉ ጽፏል። ይህን መደምደሚያ በጊዜው ብዙ ሰው አልወደደውም።

አሁን ወደ ከፍተኛ 9 ልመለስ። በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የጠባይ ለውጥ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ከጉዳቱ በፊትና በኋላ ሰውየው ሁለት ሰው ይሆናል። ለውጡ በቤት፣ በሥራና በመንገድ ይከተለዋል። ራስን መግታት ስለሚጎድል ለጉዳተኛው ለራሱም መጥፊያው ነው። የቀይ ሽብር ገራፊ ግን በሥራ ሰዓት ገርፎ ለምሳ ቤቱ ይሄድ ነበር። ለሚያዝዘው ባለሥልጣን ትሑት፣ ለልጆቹ አባት ነበር። ከማንም በላይ ደግሞ ሥልጣኑ ሲወሰድ ጭካኔው አብሮት ተወሰደ። ማኅተሙንና ጠባቂዎቹን አዲስ አበባ ትቶ የመጣው ቀልቤሳ፣ አትላንታ ላይ ራሱን መግታት የተሳነው ሰው አልነበረም። ከአንጎል ቁስል የመጣ ጭካኔ ከሥልጣን ጋር አይሻርም።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን እየወረወረ ሲፎክር ያየ ሰው «እብድ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ጠርሙሶቹን አስቀድሞ አንድ ሰው ሞልቷቸዋል፤ ሌላው ቆጥሮ አስረክቧል፤ ሦስተኛው መድረኩን አሰናድቷል። በነፃ እርምጃ የተገደለውን ልጅ ሬሳ ለመውሰድ የመጣን ወላጅ የጥይት ዋጋ ማስከፈልም ሒሳብ ማወቅን ይጠይቃል።

ሕጋችንም ቢሆን በዚህ ረገድ ዝም ያለ አይደለም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ እርሱን የተካው የ1996ቱም የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 48 በሕመም፣ በአእምሮ ጉድለት ወይም በመሰል ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት የሥራውን ጠባይና ውጤት ሊያውቅ ወይም ራሱን ሊገዛ ያልቻለ ሰው ኃላፊ አይሆንም ይላሉ። ጥርጣሬ ሲኖር የባለሙያ ምርመራ ይታዘዛል፤ ዳኛው በሐኪሙ ሳይንሳዊ ግኝት ይገዛል እንጂ፣ ሐኪሙ ከዚያ ተነሥቶ በሚሰጠው የሕግ አስተያየት አይገዛም። ይህ አስተዋይ ሕግ ነው። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ሲከፈት በሩ ክፍት ነበር ማለት ነው። ታዲያ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ እስኪሰጥ በነበሩት 12 ዓመታት ውስጥ ክርክሩ በአመዛኙ የፖለቲካ ነበር፤ አገር ለማዳን ነው፣ ጠላት ቀድሞ ተኩሷል፣ እኔ አላዘዝኩም። ተከሳሾቹ ራሳቸው ጤነኞች ነን እያሉ፣ በእነርሱ ፈንታ እብድ ነበሩ ብለን የምንከራከርላቸው እኛ ሆነናል። ይህ ለሟቾቹ ምን ይጠቅማል?

ከደርግ በኋላ የመጣው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ማዕከላዊ በደርግ ዘመን ሰው የሚገረፍበት ቤት ነበር። በ1983 ዓ.ም. ገራፊዎቹ ሸሹ ወይም ታሰሩ። ቤቱ ግን ሥራውን አላቆመም፤ በደርግ የተሠቃዩትን ነፃ አወጣሁ ባለው በኢሕአዴግ ዘመንም እዚያው ግቢ ጋዜጠኞች፣ ተማሪዎችና የተቃዋሚ አባላት ተገርፈዋል። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ እንደሚዘጋ አስታወቁ፤ በዚያው ዓመት ተተኪያቸው በፓርላማ ቆመው መንግሥት ራሱ ሰው ያሠቃይ እንደ ነበር አመኑ። መርማሪው ሌላ፣ ርዕዮተ ዓለሙ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፤ ድርጊቱ ግን አንድ። ሁለት ተከታታይ ትውልድ የገራፊዎች አንጎል በአንድ ግቢ ውስጥ ተጎዳ ካላልን በስተቀር፣ ምክንያቱን ከራስ ቅል ውጭ መፈለግ ይኖርብናል። መርማሪውን የሚጠይቅ ዳኛ አለመኖሩን፣ ያልተጻፈ ትእዛዝን፣ ለተናዘዘ እስረኛ የሚሰጥ ሹመትን መመርመር ይሻላል።

የሕመም ምሳሌ ሌላም አደጋ አለው፤ ከግለሰብ ወደ ወገን ለመሻገር ጊዜ አይወስድበትም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ ከደቡብ ጣሊያን የመጣ የአንድ ወንበዴ ራስ ቅል ውስጥ ጎድጓዳ ስፍራ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ወንጀለኛ ሲወለድ ጀምሮ ወንጀለኛ ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ። ወዲያው «ወንጀለኛ ዘር» የሚለው ወሬ ደቡብ ጣሊያንን ሁሉ ሸፈነ። እኛ ዘንድ ራስ ቅል መለካት አላስፈለገም። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጠላታቸውን «ካንሰር» እና «አረም» ሲሉ ሰማን፤ ካንሰር ይቆረጣል እንጂ ለፍርድ አይቀርብም። ተቃዋሚው ወገንስ? በእኛው ስብሰባና በእኛው ሬዲዮ አንድን ሕዝብ በሙሉ «የታመመ» ሲባል ስንቱን ጊዜ አጨብጭበናል? ቀልቤሳ የየትኛው ብሔር ተወላጅ እንደ ሆነ እየቆጠሩ ከዚያ ሊነሡ የሚፈልጉም አሉ። ቀይ ሽብር ገራፊውንም ተገራፊውንም ከሁሉም ወገን ነበር የመለመለው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የአንጎል ጉዳት በታሪካችን ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ቦታው ግን በሌላኛው ወገን ነው። በሰደፍ የተመታው፣ ከግድግዳ ጋር የተጋጨው፣ ጭንቅላቱ በውኃ በርሜል የተነከረው ገራፊው አልነበረም። በአሜሪካ የሚኖሩ የቀድሞ የቬትናም የፖለቲካ እስረኞችን የመረመሩ የሃርቫርድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በእስር ላይ ጭንቅላታቸውን የተመቱት በፊተኛውና በጎን ባለው የአንጎል ክፍል ላይ የሳሳ ንጣፍ ታይቶባቸዋል። ከምቱ ብዙ ዓመታት በኋላ ማለት ነው። በማዕከላዊና በየከፍተኛው ያለፉ ወገኖቻችን ለምን ቀን እንደሚምታታባቸው፣ ለምን በትንሽ ነገር እንደሚቆጡ፣ ለምን ሥራ ላይ እንደማይረጉ ስንቶቻችን ከዚህ አንጻር አስበናል? ቤተሰብ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል፤ ጎረቤት «መጠጥ ነው» ይላል።

ይህ ጉዳይ በተለይ በአትላንታ የሕይወት ጥያቄ ነው። የዚህ ከተማ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጥገኝነት በመከልከል ከሚታወቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ ደግሞ አመልካች በቃሉ ላይ የሚታይ ማንኛውም መጋጨት፣ የጉዳዩን ፍሬ ነገር ባይነካ እንኳ፣ ዳኛው ላለማመን ምክንያት ሊያደርገው እንዲችል ፈቅዷል። መጋቢት ነው ያለውን ሚያዝያ ያለ፣ ሁለት ወታደሮች ያለውን ሦስት ያለ ሰው ውሸታም ሊባል ይችላል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ግን ማስረጃው መርሳቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ሥቃይ ስለ ደረሰባቸው ሰዎች ምርመራ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ፣ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባለው፣ የጭንቅላት ምትን በስም ጠቅሶ ሐኪሙ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ትውስታና ስለ ጠባይ ለውጥ እንዲጠይቅ ያዝዛል። ይህን ምርመራ ያለ ክፍያ የሚያደርጉ በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች በአሜሪካ አሉ። ጉዳያችሁ በፍርድ ቤት ላይ ያለ ወገኖች ጠበቃችሁ ከቀጠሮው ቀን አስቀድሞ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ፤ የሐኪሙ ሪፖርት የሚገባበት የጊዜ ገደብ አለውና።